በቴሌግራም የገዛሁት የፍሬን ሸራ ሀረጎ ላይ ያደረገኝ

መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ እየወረድን ሀረጎ ቁልቁለቱ መሀል ላይ የተቃጠለ ነገር ሸተተን፣ እናቴ ጋቢና አጠገቤ ናት፣ "ምንድነው እንዲህ የሚከረፋው?" አለችኝ፣ እኔ ደግሞ ከፊታችን ያለው አይሱዙ ነው ብዬ መስኮቱን ዘጋሁ። ቀጥሎ ያለው ኩርባ ላይ ስረግጥ ፔዳሉ ጠንካራ ነው፣ ወደ ታችም አይሰምጥም፣ ግን መኪናዋ አትቆምም። ድንጋይ የረገጥኩ ነው የመሰለኝ። ማርሽ ወደ ሁለተኛ ከዛ ወደ አንደኛ አወረድኩ፣ ሞተሩ ጮኸ፣ እጅ ፍሬኑን ቀስ እያልኩ ሳብኩት፣ እንደምንም ዳር ይዤ አቆምኳት። እናቴ እስክንቆም አላህን ስትጠራ ነበር፣ ወላሂ ያ ድምጿ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ።

መንገዱን የማያውቅ ካለ፣ ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ነች፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850። 25 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ትወርዳላችሁ ማለት ነው። የፍሬን ሸራ ማለት ፍሬን ስንረግጥ ከጎማው ጋር የሚዞረውን ዲስክ ጨብጦ የሚያቆመው እቃ ነው፣ አዲስ አበባ ሜዳ ላይ ወር ሙሉ የማይታወቅ መጥፎ ሸራ እዚህ በአንድ ጠዋት ይታወቃል።

ሸራውን ያስገባሁት ከዛ ሶስት ሳምንት በፊት ነበር፣ የገዛሁት ከአንድ የቴሌግራም ቻናል ነው። ፎቶው የቶዮታ ካርቶን፣ "100% ኦርጅናል" የሚል ጽሁፍ፣ ዋጋው ደሴ ሱቅ ከጠየቁኝ ግማሽ። ጥያቄ አልጠየኩም፣ በቴሌብር ላኩ፣ እቃው በአውቶብስ መጣ፣ መናኸሪያ ሄጄ ተቀበልኩ፣ ሰፈር ያለ ልጅ ገጠመልኝ። ካርቶኑ ላይ ያለው ፓርት ነምበር፣ የእቃው መለያ ቁጥር ማለት ነው፣ ትክክል ነበር እኮ! እሱ ነው ያሳመነኝ። አሁን ሳስበው ግን ቁጥር ማተም ምን ይከብዳል፣ ካርቶኑን ያስመሰለ ሰው ቁጥሩንም ያስመስላል። ቁጥሩ የሚነግራችሁ እቃው ለመኪናችሁ እንደሚሆን ብቻ ነው፣ ማን እንደሰራው አይነግራችሁም።

ኮምቦልቻ እንደምንም በአንደኛ ማርሽ ደረስን፣ የማውቃቸው አንድ ትልቅ መካኒክ ጋር ገባሁ። ጎማውን ፈተው ሸራውን አወጡና እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። "በጥፍርህ ፋቀው ልጄ" አሉኝ። ስፍቀው እንደ ጠመኔ ዱቄት ተነሳ፣ ውስጡ ጭረት ጭረት የመሰለ ነገር አለ፣ ገለባ ይሁን የእንጨት ብናኝ አልለየሁትም። ከብረቱ ጋር የተጣበቀበትን ጠርዝ ወደ ፀሀይ አድርገው ሲያሳዩኝ በክፍተቱ ብርሀን ያልፋል። ቀለሙ ስር ብረቱ ዝጓል፣ ዝገቱ ላይ ነው ቀለም የቀቡት። ሸራው ሲያልቅ እየጮኸ የሚያስጠነቅቀው ቀጭን ላሜራ የለም፣ ቦታው ብቻ አለ። ዲስኩም ተቦጫጭሯል። "አብሽር፣ ዋናው በህይወት መድረሳችሁ ነው" አሉኝ፣ እኔ ግን እናቴን ማየት አልቻልኩም።

ከዛ በኋላ ነው ቁጭ ብዬ መማር የጀመርኩት። መጀመሪያ ያደረኩት የሻጩን ፎቶ በፎቶ የሚፈልገው ጉግል ሌንስ ላይ ማስገባት ነው፣ ያው ፎቶ ውጭ ሀገር ያለ ሱቅ ላይ ወጣ፣ ማለትም ሻጩ የያዘውን እቃ አንድም ቀን አላሳየኝም ነበር። ሁለተኛ የቻሲ ቁጥር፣ መኪናዋ አካል ላይ የተመታው መለያ። የኔ ቪትዝ ከጃፓን የመጣች ስለሆነች ቁጥሯ በኤስሲፒ10 የሚጀምር አጭር ነው፣ እንደሌሎቹ 17 ፊደልና ቁጥር አይደለም፣ እሱን ኦንላይን የፓርት ካታሎግ ላይ ስታስገቡት ትክክለኛውን ፓርት ነምበር ያወጣላችኋል። የቶዮታ ቁጥር አምስት አምስት ሆኖ ነው የሚጻፈው፣ የፊት ዲስክ ሸራ በ04465 ይጀምራል፣ የኋላው ከበሮ ውስጥ የሚገባው በ04495። ይሄን ማወቅ ሻጩ እቃውን ያውቀው እንደሆነ ለመፈተን በጣም ይጠቅማል።

ሌላው ብዙ ሰው የማያየው ሸራው ጠርዝ ወይም ጀርባ ላይ የሚታተሙ ሁለት ፊደሎች ናቸው፣ ለምሳሌ ኤፍኤፍ (FF)። የመጀመሪያው ሸራው ብዙ ሳይግል፣ ሁለተኛው ከጋለ በኋላ ያለውን የመያዝ አቅም ነው የሚናገረው፣ ኢ (E) ከ0.25 እስከ 0.35፣ ኤፍ (F) ከ0.35 እስከ 0.45 ነው፣ ቁጥሩ ከፍ ሲል ሸራው የበለጠ ይይዛል ማለት ነው። ለኛ ቁልቁለት ሁለተኛዋ ፊደል ናት ነፍስ። የኔ ላይ ምንም ፊደል አልነበረም፣ ንጹህ ጥቁር።

ደግሞ አንድ ነገር ልናገር፣ ሁላችንም ቶዮታ የሚል ካርቶን ካላየን አናምንም፣ ይሄ ነው ለአስመሳዮቹ ገበያ የሚፈጥረው። ቶዮታ ሸራውን የሚያሰራው እንደ አድቪክስ ባሉ ፍሬን ሰሪዎች ነው፣ እንደ አኬቦኖ ያሉት ደግሞ በራሳቸው ስም ይሸጣሉ። በሰሪው ስም የመጣ መካከለኛ ዋጋ ያለው ሸራ ከውሸት ቶዮታ ሺ ጊዜ ይሻላል። በ2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሰሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ያሉን አሮጌ መኪኖች ናቸው፣ መለዋወጫ ፈላጊው በዝቷል፣ ስለዚህ ነቃ ማለት ያስፈልጋል።

ሁለተኛውን ግዢ እንዲህ አደረኩ። ለአራት ሻጮች አንድ አይነት መልእክት ላኩ፣ "ካርቶኑን ከፍተህ ሸራውን ከፊት፣ ከጀርባና ከጠርዝ አንሳልኝ፣ አጠገቡ የዛሬን ቀን ወረቀት ላይ ጽፈህ አስቀምጥ" አልኩ። አንዱ ወዲያው ብሎክ አደረገኝ። አንዱ "ካርቶን ከተከፈተ አይሸጥም" አለ። አንዱ ያንኑ የድሮ ፎቶ መልሶ ላከ። አራተኛው፣ መርካቶ ሶማሌ ተራ ያለ ልጅ፣ አስር ደቂቃ ሳይሞላ በቪዲዮ ላከልኝ፣ ጠርዙን በጥፍሩ ሁሉ ፋቀልኝ፣ ኤፍኤፍ የምትለዋ ትነበባለች፣ ላሜራዋም አለች፣ ደረሰኝም እቆርጣለሁ አለኝ። ያም ሆኖ ብሩን ቀድሜ አልላኩም፣ አዲስ አበባ ያለ የአክስቴ ልጅ በአካል ሄዶ አይቶ ከፈለ። ዋጋው ከመጀመሪያው እጥፍ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው። ከፈልኩ፣ አልቆጨኝም።

ካንዴላም፣ ሞተር ውስጥ ብልጭታ የሚሰጠውን፣ ስትገዙ ይሄው ነው፣ ክሩ ላይ ያለችውን ቀለበት አዙሩና ለማውጣት ሞክሩ፣ ኤንጂኬ የሚባለው የጃፓን ካንዴላ ነው ተብሎ ቀለበቱ በቀላሉ ተፈቶ ከወጣ ተጠራጠሩ።

አዲሱን ሸራ ካስገባሁ በኋላ መጀመሪያ ደሴ ውስጥ ቀስ እያልኩ ነዳሁት፣ ዲስኩንም አስቀየርኩ። ከዛ አንድ ሀሙስ ጠዋት፣ ጉሙ ሳይነሳ፣ ብቻዬን ሀረጎን ወረድኩ። በሁለተኛ ማርሽ ነው የወረድኩት፣ ከእንግዲህ ፍሬን ብቻ አምኜ አልወርድም። ኮምቦልቻ መግቢያ ላይ አቁሜ ወረድኩና ጎማው አጠገብ ቁጢጥ ብዬ አሸተትኩ። ምንም የለም። እዛው ሆኜ ደወልኩላት፣ "እማ፣ ራሴ ወርጄ ሞክሬዋለሁ፣ ነገ ከጁምዓ በኋላ እወስድሻለሁ" አልኳት። ዝም አለች ትንሽ፣ ከዛ "በሁለተኛ ማርሽ ከሆነ እሺ" አለችኝ።