ሰላም ሳይሉ የማይታለፍበት ሰፈር

«እዛ ሰፈር? ብቻሽን?» አለችኝ አክስቴ፣ ጀበናውን እንደያዘች። «እንጀራ ካማረሽ እዚሁ አሌክሳንድሪያ ሞልቷል።»

እንጀራ አልነበረም ያማረኝ። ለሥራ ስልጠና ዋሽንግተን ዲሲ መጥቼ አራት ቀን ተርፎኝ ነበር። ኋይት ሐውስንና ትልልቆቹን ሐውልቶች ከሰልጣኞቹ ጋር በአውቶቡስ አይተናል። እኔ ማየት የፈለግኩት ጥቁር አሜሪካውያን የገነቧቸውን ሰፈሮች ነው። ዩ ስትሪትን፣ ሾውን፣ የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲን ዙሪያ፣ ከወንዙ ማዶ ደግሞ አናኮስቲያን።

አክስቴ የምትኖረው ዲሲ አጠገብ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ባለችው አሌክሳንድሪያ ነው፤ ዲሲ አካባቢ 22 ዓመት ኖራለች። ዩ ስትሪትን የምታውቀው የሀበሻ ምግብ ቤቶች ባሉበት በ9ኛው ጎዳና ክትፎ፣ አናኮስቲያን ደግሞ በቴሌቪዥን ዜና ነው። አልፈረድኩባትም። ሀበሻ ለሀበሻ የሚያቀብለውን ፍርሃት ነው ለእኔም ያቀበለችኝ። ግን እኛ ስለ ጥቁር ሰፈር የምናወራውን ፈረንጅ ስለ አዲስ አበባ ቢያወራው ደማችን ይፈላ ነበር። ለማንኛውም ልቧ እንዲያርፍ ያለሁበትን ቦታ በስልኳ እንድትከታተል አድርጌላት ወጣሁ።

የመጀመሪያው ቀን ተበላሸ። ያበላሸሁት ራሴ ነኝ። ካርታዬ ላይ 14 ቦታ ምልክት አድርጌ፣ ጆሮዬን በማዳመጫ ደፍኜ፣ እንደ ፈተና ወረቀት አንድ በአንድ እየሰረዝኩ መሮጥ ጀመርኩ። 13ኛው ጎዳና ላይ ዱክ ኤሊንግተን በልጅነቱ የኖረባቸው ቤቶች አሉ። የጃዙ ንጉሥ እዚሁ ዲሲ በ1899 ነው የተወለደው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ደርሼ ስልኬን አወጣሁና ቀጭ፣ ቀጭ አደረግኩ።

ደረጃው ላይ አንዲት አሮጊት ተቀምጠው ነበር። አፋቸው ሲንቀሳቀስ አይቼ ማዳመጫውን አወጣሁ።

«ልጄ፣ እንደምን አደርሽ ሳትይኝ ቤቴን ፎቶ ታነሺዋለሽ?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። የሰው ደጅ ላይ ሰላም ሳይሉ ማለፍ ጥጋብ ነው ተብዬ ያደግኩ ልጅ ነኝ። አሜሪካ ሰላምታ የለም ብሎ የነገረኝ ማን እንደሆነ እንኳ አላውቅም። ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ፎቶውን ፊታቸው አጠፋሁት። ይባስ ብሎ ያነሳሁት የኤሊንግተንን ቤት አልነበረም፣ የጎረቤት ቤት ነው። ሳቁብኝ። ከየት እንደሆንኩ ሲጠይቁኝ ነገርኳቸው። «አሃ፣ ከ9ኛው ጎዳና» አሉ። ኢትዮጵያ ማለት ለእሳቸው እዛ ጋ ናት።

ከዚያ በአገጫቸው ወደ ቲ ስትሪት ማዕዘን ጠቆሙኝ። «ያንን አይተሻል?»

ካርታዬ ላይ አልነበረም። ዋይትሎ ሆቴል ይባል ነበር፤ በ1919 የተከፈተ፣ በጥቁሮች ገንዘብ፣ በጥቁር አርክቴክት ንድፍ የተሠራ። መሐል ከተማ ያሉት ሆቴሎች ጥቁር አያስተናግዱም ነበር። እንደ እኔ ብቻውን ሻንጣውን ይዞ ባቡር ጣቢያ የወረደ ጥቁር መንገደኛ በክብር ከሚያድርባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ይኸው ነበር። አሁን የመኖሪያ አፓርታማ ስለሆነ ከውጭ ብቻ ነው የሚታየው። ፊት ለፊቱ ሩብ ሰዓት ያህል ቆምኩ። ማታ አክስቴ ቤት ገብቼ 14ቱን ቦታ ወደ አምስት አወረድኩት። ማዳመጫውንም ሻንጣ ውስጥ ከተትኩት።

በሁለተኛው ቀን ከ9ኛው እስከ 14ኛው ጎዳና ያለውን ዩ ስትሪት ብቻ ይዤ ዋልኩ። በእግር አሥር ደቂቃ ነው። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ አልጨረስኩትም።

ከሜትሮው ስትወጡ አደባባዩ ላይ የጥቁር ወታደሮች መታሰቢያ አለ። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ለሰሜኑ ጦር የተዋጉ የጥቁር ክፍለ ጦሮች አባላት ናቸው። ሐውልቱ የቆመው በ1998 ነው። ከኋላው ባለው ግድግዳ ብረት ላይ 209,145 ስም ተቀርጿል። ስሞቹ የተደረደሩት በየክፍለ ጦሩ ነው። አንድ ሰውዬ በጣቱ ከላይ ወደ ታች እየተከተለ አንድ ስም ሲፈልግ አገኘሁት። እንደምን አደሩ አልኩት። (ተምሬያለሁ!) የቅድመ አያቱን አባት ነው የሚፈልገው። ስሙ የተለመደ ስለሆነ ተመሳሳይ ስም በየክፍለ ጦሩ እየመጣ ያስቸግረዋል። አብሬው ፈለግኩ። ሦስት አገኘን። የትኛው የእሱ እንደሆነ ግን አላወቅንም። ሦስቱንም ፎቶ አንስቶ ሄደ።

ዩ ስትሪት በኒውዮርኩ የቴአትር ጎዳና ስም «ጥቁር ብሮድዌይ» ይባል ነበር። ሃዋርድ ቴአትር በ1910፣ ሊንከን ቴአትር በ1922 ተከፍተዋል። 11ኛው ጎዳና ላይ በ1934 የተቋቋመው ኢንደስትሪያል ባንክ ዛሬም በጥቁሮች እጅ ነው። ነጩ ከተማ በሩን ሲዘጋባቸው ባንኩንም፣ ቴአትሩንም፣ ሐኪሙንም በራሳቸው መንገድ ላይ ደረደሩት። የሚገርመው፣ በ1950ዎቹ በሩ ሲከፈት ገንዘብ ያለው ወደ ሌላ ሰፈር መሄድ ጀመረ። ማርቲን ሉተር ኪንግ ሚያዝያ 4 ቀን 1968 በተገደሉበት ምሽት ቁጣው የፈነዳው 14ኛውና ዩ ስትሪት መገናኛ ላይ ነው። ቀናት የቆየ ቃጠሎ ነበር። የተረፈውን ደግሞ የሜትሮው ቁፋሮ አደከመው። መንገዱ ለዓመታት ተቆፍሮ ደንበኛ ማለፊያ አጣ። ባቡሩ በ1991 ሲደርስ ብዙ ሱቅ ተዘግቷል።

ይህን ሁሉ ካለፉት አንዱ ቤንስ ቺሊ ቦውል ነው። ቤንና ቨርጂኒያ አሊ የሚባሉ ባልና ሚስት በ1958 የከፈቱት ምግብ ቤት። በ1968ቱ ሰዓት እላፊ ጊዜ እንኳ እንዲከፍት ተፈቅዶለት ነበር። ስሙ የገነነው ሃፍ ስሞክ በሚባል ቋሊማ ነው፣ ግማሽ አሳማ ግማሽ በሬ። እኔ ደግሞ የገባሁት ረቡዕ ቀን ነው! ድንች ጥብስ በልቼ ወጣሁ። ቀን ስትመርጡ ፆሙንም አስቡት።

ከሰዓት በኋላ ወደ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ወጣሁ። በ1867 የተመሠረተ ነው። ግቢውን ለማየት የተጓዝኩት በአንድ ሰው ምክንያት ነው፣ በኢትዮጵያዊው ሐኪም በዶክተር መላኩ በያን። በ1935 ከዚህ በሕክምና ተመርቀዋል። ባለቤታቸው ዶርቲ ሃድሊ ጥቁር አሜሪካዊት ነበሩ። ጣልያን ሲወረን ዶክተር መላኩ ጥቁር አሜሪካውያንን ለኢትዮጵያ ለማስተባበር ወደ አሜሪካ ተመልሰው መጥተው በ1937 ኒውዮርክ ላይ የኢትዮጵያ ዓለም ፌዴሬሽንን መሠረቱ። በ1940 አረፉ። ዲሲ ያለ ሀበሻ ሁሉ በግቢው በር በመኪና ያልፋል። እኔም እስከዚያ ቀን ስማቸውን እንጂ ቦታውን አላውቀውም ነበር።

ማታ 9ኛው ጎዳና ላይ ሽሮ በላሁ። በ2005 የሀበሻ ነጋዴዎች አካባቢው በይፋ «ትንሿ ኢትዮጵያ» ይባልልን ብለው ነበር። ጥቁር ነዋሪዎች ተቃወሙ። አዲስ አበባ ሆኜ ሳነበው ምቀኝነት መስሎኝ ነበር። አሁን ሽሮዬን እየበላሁ ሳስበው ሌላ ነው። የእኛ ሰዎች የገቡት ሱቁ ባዶ፣ ኪራዩም ርካሽ በነበረ ጊዜ ነው። ለፍተውበታል፣ መንገዱን አብርተውታል። ግን ሱቁ ለምን ባዶ ሆነ ብለን ጠይቀን እናውቃለን? ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ ያለቀስን ሰዎች የእነዚያን ነዋሪዎች ቅሬታ ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገንም።

በሦስተኛው ቀን አናኮስቲያ። አረንጓዴው የሜትሮ መስመር ያደርሳል፣ ከዚያ አውቶቡስ አለ። ባርነትን በመታገል የታወቀው የጥቁር አሜሪካዊው ጸሐፊና ተናጋሪ የፍሬድሪክ ዳግላስ ቤት ኮረብታ ላይ ነው፣ ደረጃው ያስለከልካል። በር ላይ ስደርስ ጉብኝቱ አስቀድሞ በቀጠሮ እንደሚያዝና የዕለቱ ቦታ እንዳለቀ ተነገረኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ሳልጠይቅ ነው የሄድኩት። በረንዳው ላይ ተቀምጬ ቁልቁል ከተማውን አየሁ። የካፒቶሉ ጉልላት ወለል ብሎ ይታያል። ለነገው ቀጠሮ ያዝኩና በማግስቱ ተመለስኩ።

በባርነት የተወለደው ዳግላስ ይህን ቤት በ1877 ገዛ። ቤቱን ያሠራው ጆን ቫን ሁክ የሚባል ባለሀብት ነው። ይኸው ሰው ሰፈሩን ሲመሠርት ለጥቁርና ለአይሪሽ እንዳይሸጥ በውሉ ላይ አስፍሮ ነበር። አስጎብኚው ይህን ሲናገር የቡድናችን ሰዎች «ኧረ!» አሉ። እኔን የያዘኝ ግን መኝታ ክፍሉ ነው። ወለሉ ላይ የስፖርት ብረቶቹ ተቀምጠዋል። ያ ነጭ ጺም ያለው ሽማግሌ ጠዋት ጠዋት ብረት ሲያነሳ ታየኝ።

መንገድ ላይ ምን ገጠመኝ ብላችሁ እንዳትጓጉ። አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ሦስት ሰው እንደምን አደርሽ አለኝ። አንዱ ጫማዬን አደነቀልኝ።

ማታ አክስቴ ቡና እያፈላች ፎቶዎቹን ተራ በተራ አሳየኋት። የስሞቹን ግድግዳ ዝም ብላ አሳለፈችው። ዳግላስ ቤት ላይ «ቆንጆ ነው» አለች። ዋይትሎ ላይ ስትደርስ ስልኩን ከእጄ ወሰደችው። በሁለት ጣት ከፈት አደረገችና ግንቡን፣ መስኮቱን፣ የበሩን ቅስት አየች።

«ይሄ ሕንፃ እኮ...» አለች። «9ኛው ጎዳና ፓርኪንግ ሲጠፋ መኪናዬን የማቆመው እዚህ ሥር ነው።»