ቁልቋልበር በአንድ ጠረጴዛ ላይ

በትናንሽ ምስሎች የጦር ሜዳ የሚሠሩ ሰዎች ጠረጴዛቸውን በሁለት ይከፍሉታል። አንደኛው ጎብኚው ራሱ ዳይስ እየጣለና ጦር እያንቀሳቀሰ የሚጫወትበት ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ሠሪዎቹ ብቻ የሚነኩት፣ ሌላው ሰው ዙሪያውን ቆሞ የሚያየውና የሚጠይቅበት የማሳያ ጠረጴዛ ነው። በ1972 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ በተጀመረውና «ሳሉት» በሚባለው ጉባኤ ሁለቱ ዓይነቶች በአንድ አዳራሽ ጎን ለጎን እንደሚቀርቡ፣ እዚያ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ከሚልክልኝ ፎቶግራፎች አውቃለሁ። ዘንድሮ በጥምቀት ሰሞን እዚሁ ጎንደር፣ ቴምብር ሰብሳቢዎች፣ የአውሮፕላን ሞዴል ሠሪዎችና የገበጣ ተጫዋቾች የየራሳቸውን ይዘው በተሰባሰቡበት አዳራሽ ውስጥ እኔና ታናሽ ወንድሜ ያቀረብነው ሁለተኛውን ዓይነት ነው። ይህን ማስታወሻ የምጽፈው ጠረጴዛው ሲሠራም ሲታይም ደጋግሞ ያነሣብኝን አንድ ጉዳይ ለራሴ ላስቀምጥ ብዬ ነው። «አርበኞችም በውጊያው ተሳትፈዋል» ብሎ ለመጻፍ አንድ መስመር ይበቃል፤ ጠረጴዛ ላይ ግን እያንዳንዱን ሰው አንድ ቦታ ማቆምና ፊቱን ወደ አንድ አቅጣጫ ማዞር ግዴታ ነው።

የመረጥነው ቁልቋልበርን ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገቡ በኋላም የጣሊያኑ ጄኔራል ጉሊየልሞ ናሲ ጎንደርን ይዞ ለወራት ቆይቷል፤ ቁልቋልበርም ወደ ጣና ዳርና ወደ ደብረ ታቦር የሚወስደውን መንገድ የሚዘጋለት የደቡብ በሩ ነበር። በሜጀር ጄኔራል ቻርልስ ፎውክስ የሚመራው የእንግሊዝ 12ኛው የአፍሪካ ክፍለ ጦር ከአርበኞች ጋር ሆኖ ኅዳር 4 ቀን 1934 ዓ.ም. በሩን ቢያጠቃም ተመለሰ። ኅዳር 12፣ በሚካኤል ዕለት፣ ከተለያየ አቅጣጫ በአንድ ጊዜ መጥቶ ያዘው። ከዚያ በኋላ ከተማዋ የቆየችው እስከ ኅዳር 18 ብቻ ነው። በዚያ ቀን ናሲ እጁን ሲሰጥ ከ20,000 የሚበልጡ ወታደሮች አብረውት ተማረኩ፤ የጣሊያን የምሥራቅ አፍሪካ ግዛትም መደበኛ ውጊያው እዚህ፣ በእኛ ከተማ፣ አበቃ። ይህን ያህል ታሪክ ደጃችን ላይ እያለ ወንድሜ መጀመሪያ በ1815 እ.ኤ.አ. ናፖሊዮን የተሸነፈበትን የዋተርሎን ጦርነት ካልሠራን ብሎ ሞግቶኝ ነበር፤ ምክንያቱም የዋተርሎ ምስሎች እንደ ልብ ይገኛሉ።

የጂኦግራፊ መምህር በመሆኔ የመሬቱ ሥራ ለእኔ ደረሰ። ጠረጴዛው 1.8 ሜትር በ1.2 ሜትር ነው፤ ምስሎቹ የሰውን ቁመት 72 ጊዜ ያሳነሱ ስለሆኑ እያንዳንዳቸው 2.4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናሉ። መሬቱንም በዚያው ልክ ብናሳንሰው ጠረጴዛው የሚይዘው 130 ሜትር ብቻ ይሆናል፤ ይህም ለአንድ መትረየስ እንኳ የሚበቃ ሜዳ አይደለም። ስለዚህ የጠረጴዛው ርዝመት 3 ኪሎ ሜትር እንዲወክል ወሰንኩ። ሒሳቡን ስሠራው ግን በዚያ መሬት ላይ የቆመው ወታደር ቁመቱ 40 ሜትር ሆነ፤ ማለትም ከፋሲል ግንብ ይረዝማል። ማንኛውም የማሳያ ጠረጴዛ እነዚህን ሁለት የማይታረቁ መለኪያዎች፣ የሰውንና የመሬትን፣ በአንድነት ተሸክሞ ይኖራል፤ ተመልካቹም ሳይነገረው ይቀበለዋል። አንዱ ምስል የብዙ ሰው እንደራሴ መሆኑን፣ ሦስት ጎጆ አንድ መንደር መሆኑን ማንም አልጠየቀንም። የጠየቁት ሌላ ነገር ነው።

ወደዚያ ከመድረሴ በፊት ስለ እጅ ሥራው ጥቂት ልበል፤ ደስ ያለኝ እሱ ነውና። ወንድሜ የሚተዳደረው በእንጨት ሥራ ስለሆነ መደቡን ከኮምፔንሳቶ በሦስት ቁራጭ ሠራው፤ እያንዳንዱ 60 ሴንቲ ሜትር ስፋት ስላለው በባጃጅ ለማጓጓዝ አላስቸገረም። ተራራውን የሠራሁት ከቴሌቪዥንና ከፍሪጅ ማሸጊያ ፎም ነው፤ በካርታው የከፍታ መስመር ልክ በከተር እየቆረጥኩ ደርቤ በኮላ አጣበቅሁት። ይህ ፎም የሚረጭ ቀለም በቀጥታ ሲነካው ይቀልጣል፤ ስለዚህ መጀመሪያ በኮላ በተለወሰ ጀሶ መሸፈን አለበት። ሣሩ ከወንድሜ ሱቅ የተጠረገ፣ ተነፍቶ በቀለም የተነከረ ሰጋቱራ ነው። አብዛኞቹ የውጭ አገር ጠረጴዛዎች እንደ እግር ኳስ ሜዳ አረንጓዴ ናቸው። ወሩ ኅዳር ነውና የእኛ ሣር ወደ ቢጫ የዞረ፣ ማሳውም አጨዳ የደረሰበት መሆን ነበረበት፤ ትክክለኛውን ቀለም እስክናገኝ ብዙ ሰጋቱራ ተደፍቷል። ቁልቋሎቹን ከሽቦና ከኮላ ሠርተን፣ ጫፋቸውን በደረቅ ብሩሽ ነካ ነካ ስናደርጋቸው ከሥራችን ሁሉ ያማሩት እነሱ ሆኑ። የአርበኞቹ ልብስ ደግሞ ከሶፍት ነው፤ ስስ ሶፍት በቀጠነ ኮላ ነክሮ በምስሉ ትከሻ ላይ ሲጣል፣ ሲደርቅ እውነተኛ የጋቢ እጥፋት ይይዛል። የፀጉራቸውን ጎፈሬ በተቦካ ጀሶ በመርፌ ጫፍ ያወጣው ወንድሜ ነው።

ጠረጴዛ ላይ እያንዳንዱን ሰው አንድ ቦታ ማቆም ግዴታ ለመሆኑ ወንድሜ የሞገተኝ ዋተርሎ ራሱ ጥሩ ምሳሌ አለው። ዊልያም ሳይቦርን የተባለ የእንግሊዝ መኮንን በ1830 እ.ኤ.አ. ወደ ሜዳው ሄዶ፣ እዚያው ወራት ተቀምጦ መሬቱን ለካ፤ በውጊያው የነበሩትንም መኮንኖች በደብዳቤ የት እንደቆሙና ምን እንዳዩ ጠየቀ። በ1838 ለንደን ውስጥ ለሕዝብ ያቀረበው ሞዴል በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ጥቃቅን ወታደሮች የነበሩበት ሲሆን ዛሬም እዚያው በብሔራዊው የጦር ሠራዊት ሙዚየም ይታያል። ሳይቦርን የመረጠው ሰዓት የውጊያው ማብቂያ፣ ምሽት አንድ ሰዓት ገደማ ነበር። በዚያ ሰዓት ደግሞ የእንግሊዝ አጋር የነበረው የፕሩሲያ ጦር ሜዳው ላይ በብዛት ስለነበር ባለበት ቦታ አቆመው። ይህ ድሉን የእንግሊዝ ብቻ አድርገው ለሚያዩት፣ ለእንግሊዙ የጦር አዛዥ ለዌሊንግተንም ጭምር፣ አልተዋጠላቸውም፤ በመጨረሻም ሳይቦርን ብዙ ሺህ የፕሩሲያ ምስሎችን ከሞዴሉ ላይ አነሣ። ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። በመጽሐፍ ቢሆን አንድ ቃል ለስለስ አድርጎ ሁሉንም ማስማማት ይቻል ነበር፤ ጠረጴዛ ላይ ግን ፕሩሲያዊው ወይ አለ ወይ የለም።

የእኛ ፕሩሲያውያን አርበኞቹ ነበሩ። በእጃችን በገቡት ትረካዎች የጣሊያኑ ሻለቃ ስም አለ፣ የካራቢኒየሪው (የጣሊያን ወታደራዊ ፖሊስ) ጦር አለ፣ የእንግሊዞቹ ብርጌድ ቁጥር አለ፤ አርበኞቹ ግን አብዛኛውን ጊዜ «በአካባቢው ተዋጊዎች እየታገዙ» በሚል ሐረግ ውስጥ ይጠቀለላሉ። ወንድሜ እንግዲያው ከጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አንድ ላይ ሰብሰብ አድርገን እናቁማቸው አለ። ይህ ሐረጉን በሶፍትና በጀሶ መድገም ነው ብዬ አልተስማማሁም። የደረስንበት መላ ሌላውን ሁሉ በኮላ አጣብቀን የአርበኞቹን መቆሚያ ብቻ ሳናጣብቅ መተው ነበር። ከጠረጴዛው አጠገብም፣ ከአባት ከእናቱ የሰማው ነገር ያለው ሰው አንሥቶ ነበሩበት በሚለው ቦታ ላይ እንዲያቆማቸው የሚል ወረቀት ለጠፍን።

ሰዉ አነሣቸው። መጀመሪያ ልጆች፣ ቀጥሎ ጎልማሶች፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከደንቢያ በኩል የመጡ ሽማግሌዎች አነሡ። አንዱ ከመንገዱ በላይ ያቆማቸውን ሌላው ከኋላ ወደ ሸለቆው ያወርዳቸዋል፤ ሁለቱ ሰዎች ከአዳራሹ የወጡት እየተከራከሩ ነው። የማሳያ ጠረጴዛ ብለን ያቀረብነው ነገር ለአርበኞቹ ብቻ የመጫወቻ ጠረጴዛ ሆነ። በየምሽቱ አዳራሹ ሲዘጋ አቋቋማቸውን ከላይ ፎቶግራፍ አነሣሁ፤ የአንዱ ምሽት ከሌላው አይመሳሰልም። ከእነዚህ ፎቶግራፎች የታሪክ ማስረጃ ይወጣል የሚል እምነት የለኝም። ሆኖም ሰዎቹ ምስሉን ከማኖራቸው በፊት ጎንበስ ብለው፣ ዐይናቸውን ከጀሶው ተራራ እኩል አድርገው፣ ከዚያ ቦታ ምሽጉ ይታይ አይታይ እንደሆነ ሲመረምሩ ማየቴን አልረሳውም። ከላይ ሆኖ ለሚያይ ሁሉም ግልጽ ነው፤ የተዋጋው ሰው ግን ከላይ ሆኖ አላየም።

አንድ አባት ምስል አላነሡም። ረጅም ጊዜ ቆመው ከተመለከቱ በኋላ በከዘራቸው ወደ አንዱ አርበኛ አመለከቱና፣ «ልጄ፣ ይኸ ጋቢ የመጣው ከጫካ ነው ወይስ ከሳሙና?» አሉኝ። «አባባ፣ ከሩቅ እንዲታይ ብለን ነው» አልኳቸው። «እሱማ ከሩቅ እንዳይታይ ነበር የሚፈልገው» ብለው አለፉ። በዚያው ማታ ወንድሜ ቡናማ ቀለም በውኃ አቅጥኖ በጋቢዎቹ እጥፋት ውስጥ አስገባ፤ በማግሥቱ አርበኞቹ ከቢጫው ሣር ጋር ተመሳስለው፣ ፎቶግራፍ ላይ እንኳ እምብዛም የማይለዩ ሆኑ። ለማሳያ ጠረጴዛ ይህ ኪሳራ ነው፤ የእኔ ፍርድ ግን ከሽማግሌው ጋር ነው።

ወጣቶቹን ያስገረማቸው የምስሎቹ ፊት ነበር። ፈረንጅ ከፈረንጅ ወይም ፈረንጅ ከሐበሻ ይዋጋል ብለው የመጡት፣ በሁለቱም ወገን ጥቁር ፊት ሲያዩ የቀለም እጥረት የገጠመን መሰላቸው። ከእንግሊዝ ጋር የመጡት የኬንያ፣ የኡጋንዳ፣ የታንጋኒካና የኒያሳላንድ (የዛሬዎቹ ታንዛኒያና ማላዊ) ልጆች መሆናቸውን፣ ከናሲ ጋርም ከተማረኩት ከግማሽ የሚበልጡት ከዚሁ ከእኛው አካባቢ የተመለመሉ ወታደሮች መሆናቸውን ስንነግራቸው አንዷ ተማሪ «ታዲያ ጣሊያኑ የቱ ነው?» አለች። ይህ ጥያቄ ከአንድ ክፍለ ጊዜ ትምህርት ይበልጣል።

በአድዋ ሥዕሎቻችን ላይ ይህ ችግር አልነበረም። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሥርዓት መልካሙ ሰው በሁለት ዐይኑ፣ ክፉው በአንድ ዐይኑ ብቻ ይሣላል፤ የአድዋ ሠዓሊዎችም ይህንኑ ይዘው ኢትዮጵያውያኑን ፊት ለፊት፣ ጣሊያኖቹን በጎን አድርገው ሣሉ። ንጉሡን ከአሽከሩ አግዝፈው፣ ጊዮርጊስን ከላይ በፈረሱ አውጥተው፣ የአንድ ቀን ሙሉ ውጊያ በአንድ ሸራ ላይ አኖሩ። ሁለት መለኪያ በአንድ ቦታ ማድረግ የጀመርነው እኛ አይደለንም ማለት ነው፤ እነሱ ግን አልደበቁትም። የጠረጴዛ ሠሪ ለእውነት የቀረበ ለመምሰል ስለሚጥር፣ የመረጠውን ነገር መምረጡ አይታወቅበትም። ይህን ሳስብ የሥዕሉ መንገድ የበለጠ ሐቀኛ ሆኖ ይታየኛል።

አንድ ልጅ ደግሞ ከጠረጴዛው በላይ በዓሣ ማጥመጃ ክር የጣሊያን አውሮፕላን እንድንሰቅል ለመነን፤ ምስሉንም ከአውሮፕላን ሠሪዎቹ ጠረጴዛ ተውሶ ይዞ መጥቷል። ጣሊያን በምሥራቅ አፍሪካ በአየር ውጊያ ያጣቻት የመጨረሻዋ አውሮፕላን፣ ሲአር 42፣ ተመትታ የወደቀችው ጥቅምት 14 ቀን 1934 ስለሆነ በእኛ የኅዳር ጠረጴዛ ላይ አውሮፕላን አልሰቅልም አልኩት። አኩርፎ ሄደ፤ ጥቂት ቆይቶ ተመልሶ፣ «እንግዲያው የጥቅምትን ሥሩ» አለኝ።

ለሚመጣው ዓመት እኔና ወንድሜ ገና አልተስማማንም። መደቡና ተራራው ያው ሆኖ፣ ቀኑ ብቻ ይለወጥ የሚለው ሐሳብ የሁለታችንም ነው። እሱ ድሉ የተገኘበት ኅዳር 12 እንዲቆይ ይፈልጋል፤ ሰው ለበዓል ሲመጣ የተሸነፈ ውጊያ አይታይም ባይ ነው። እኔ ግን ኅዳር 4ን፣ ጥቃቱ የተመለሰበትን ቀን፣ ማየት እሻለሁ። በዚያ ቀን ወደ ኋላ የሚመለሱትን ሰዎች ፊታቸውን ወዴት እናዞራለን ብሎ ወንድሜ ሲጠይቀኝ መልስ አልነበረኝም፤ እስከዚያው ግን አዲስ ፎም መሰብሰብ ጀምሬያለሁ።