የውሃ ፓምፑ ቀድሞ ነግሮኝ ነበር

ባለፈው ቅዳሜ የመኪናዬን የውሃ ፓምፕ (ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውን ውሃ የሚያዞረውን ክፍል) እዚሁ ደብረ ማርቆስ፣ ግቢዬ ውስጥ ራሴ ቀየርኩ። ጠዋት 2 ሰዓት ጀምሬ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ጨረስኩ። መካኒክ አይደለሁም። የምጽፈው ብዙ ሰው እኔ የሠራሁትን ስህተት እየሠራ እንደሆነ ስለማውቅ ነው፤ ውሃ እየጨመሩ ዝም ብሎ መንዳት።

ሁለት ወር ሙሉ ጠዋት ጠዋት መኪናዋ ከምታድርበት ቦታ ላይ ትንሽ እርጥበት አይ ነበር። ከፊት በኩል፣ ሞተሩ ላይ ከሚዞሩት ቀበቶዎች፣ ከቺንጋዎቹ ስር። ዝናብ ነው ብዬ አለፍኩት። ራዲያተሩ ጎደል ሲል ከቧንቧ ቀድቼ እሞላለሁ፣ እሄዳለሁ። ኮፈኑ ስር ቀጭን የሲርታ ድምፅም ነበር፣ እሱንም ቺንጋው ላልቶ ነው አልኩ።

ነገሩ የለየለት ከአዲስ አበባ ስመለስ ዓባይ በረሃ ላይ ነው። ከጎሃ ጽዮን ቁልቁል ስወርድ ደህና ነበርኩ። ድልድዩን ተሻግሬ ወደ ደጀን ሽቅብ ስጀምር ግን የሙቀት መለኪያው መርፌ መውጣት ጀመረ። ያ ዳገት ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ ነው፣ በረሃው ይጋረፋል፣ መኪናው በዝቅተኛ ማርሽ እየጮኸ ስለሚሄድ ራዲያተሩን የሚመታ በቂ ነፋስ እንኳ የለም። ማሞቂያውን እስከ ጥግ ከፈትኩት። አዎ፣ በዚያ ሙቀት። ማሞቂያው ከሞተሩ ውሃ ሙቀት ስለሚወስድ እንደ ትንሽ ሁለተኛ ራዲያተር ያገለግላል። መርፌው ትንሽ ወረደ፣ ዳር ያዝኩና ሞተሩን አጥፍቼ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆምኩ። የራዲያተሩን ክዳን አልነካሁም። ጎረቤቴ ጋሼ በዚህ መንገድ ላይ ሃያ ዓመት ከባድ መኪና የነዱ ሰው ናቸው፤ ክንዳቸው ላይ ያለው ጠባሳ ክዳን በትኩሱ የከፈቱ ቀን የተረፋቸው ነው። ሲቀዘቅዝ ሞላሁ፣ ሉማሜ ላይ ደግሜ ሞላሁ፣ እንደምንም ቤቴ ገባሁ።

በማግስቱ አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ኮፈኑ ተከፈተ፣ ሁለት ደቂቃ ታየ፣ «ቴስታታው ሄዷል፣ ይፈታ» ተባልኩ፤ ቴስታታ የሞተሩ የላይኛው ክፍል ነው። ደንግጬ ተመለስኩ። ጋሼ በር ላይ አገኙኝ።

«ልጄ፣ ዘይቱን አይተኸዋል?»

«አላየሁም ጋሼ።»

«እስቲ መለኪያውን ሳበው።»

ሳብኩት። ጥቁር ነው፣ ያው የተለመደው ዘይት። ውሃ ገብቶበት ቢሆን ማኪያቶ ይመስል ነበር አሉኝ። አስነስቼ ጭሱን አየን፣ ነጭ አይደለም። ራዲያተሩ ውስጥም አረፋ የለም። እነዚህ ሦስቱ ደህና ሆኑ ማለት ቴስታታው መቶ በመቶ ደህና ነው ማለት አይደለም፣ ግን ከመፍታት በፊት ሌላ ቦታ መፈለግ እንዳለብን በቂ ምልክት ነው። «አሁን እጅህን ከፓምፑ ስር ስደድ» አሉኝ። ጣቴ እርጥብ ሆኖ ወጣ፣ ዝገት የመሰለ ቀለም ይዞ።

ይኼን ልብ በሉልኝ። የውሃ ፓምፕ ከሆዱ ስር ሆን ተብሎ የተተወች ትንሽ ቀዳዳ አለችው። ውስጥ ዘንግ አለ፣ ዘንጉን የሚሸከም ኩሽኔታ አለ፣ ውሃው ወደ ኩሽኔታው እንዳያልፍ የሚይዝ «ሲል» የሚባል ማሸጊያ አለ። ማሸጊያው ሲያረጅ ውሃው ኩሽኔታውን ከማበላሸቱ በፊት በዚያች ቀዳዳ ይወጣል። ስለዚህ እዚያ ላይ የሚንጠባጠብ ውሃ ፓምፑ መናገር ጀመረ ማለት ነው። ቀጥሎ ኩሽኔታው ይጮኻል፣ ቀጥሎ ቺንጋው የሚያዞረው ክብ፣ ፑሊው፣ ይወላገዳል። ሞተሩ ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ ፑሊውን በእጃችሁ ይዛችሁ ነቅነቅ አድርጉት፤ ከተንቀጫቀጨ አበቃ። የኔው ተንቀጫቀጨ።

ሌላው ሰው የማያስበው የከፍታችንን ነገር ነው። ደብረ ማርቆስ ወደ 2,450 ሜትር ላይ ናት። እዚህ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል፣ ንፍሮው ቶሎ የማይበስለውም ለዚሁ ነው። የመኪና ሞተር ደግሞ በደህናው ቀን 90 ዲግሪ አካባቢ ይሠራል። ውሃው እንዳይፈላ የሚያደርገው የራዲያተሩ ክዳን የሚይዘው ግፊት ነው። ክዳኑ ላስቲኩ ከደረቀ ወይም የሆነ ቦታ የሚያፈስ ካለ፣ ቆላ ላይ ችግር የሌለባት መኪና እዚህ ልትፈላ ትችላለች። ስለዚህ ክዳኑንም አብሬ ቀየርኩ።

ዕቃውን ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ አስላክሁ። መጀመሪያ የአሮጌውን ፎቶና የሞተሩን ኮድ በቴሌግራም ላኩ፣ ፓምፖች ሲታዩ ይመሳሰላሉ እንጂ የብሎን ቀዳዳቸው ይለያያል።

የኔዋ የድሮ ኮሮላ ናት፣ ፓምፑ የሚዞረው በዲናሞው ቺንጋ ነው። በታይሚንግ ቤልት (የቫልቮቹንና የፒስተኖቹን እንቅስቃሴ በሚያቀናጀው ቀበቶ) የሚዞር ፓምፕ ያላቸው መኪኖች አሉ፤ የናንተ እንደዚያ ከሆነ ለሚያውቅ ሰው ስጡት፣ ታይሚንጉ ከተዛባ አንዳንድ ሞተር ላይ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ። እኔ የባትሪውን ገመድ ፈታሁ፣ ውሃውን በሳፋ አወረድኩ። የፑሊውን ብሎኖች ማላላት ያለባችሁ ቺንጋው ሳይወልቅ ነው፤ ቺንጋው ከወጣ በኋላ ፑሊው አብሯችሁ ይዞራል፣ የሚይዝላችሁ የለም። አንዱ የፓምፑ ብሎን በዝገት ተጣብቆ እምቢ አለ። እልህ ይዞኝ ልጠመዝዘው ስል ጋሼ እጄን ያዙኝ። ነጭ ጋዝ አፈሰሱበት፣ በመዶሻ ቀስ እያሉ አናቱን መቱት፣ ቡና ጠጥተን ስንመለስ ወጣ። ቢሰበር ኖሮ ቀኑ እዚያ ላይ ያልቅ ነበር።

አሮጌው ፓምፕ ሲወጣ ሳየው አዘንኩ። ውሃ የሚገፋባቸው ክንፎቹ በዝገት ተበልተው ጫፋቸው ቀጥኗል። የቧንቧ ውሃ ሥራ ነው። ኩላንት፣ ማለትም ራዲያተር ውስጥ ከውሃ ጋር የሚደባለቀው ፈሳሽ፣ ቅዝቃዜን ለመከላከል ብቻ አይደለም፣ ዝገትን ይከላከላል፣ የመፍያውን ዲግሪም ከፍ ያደርጋል።

በፓምፑና በሞተሩ መሃል ያለውን ማሸጊያ፣ የድሮውን ጓርኒሲዮን፣ ጠርጌ ሳወጣ አሉሚኒየሙን ላለመጫር ተጠንቅቄ ነው፣ ረጅሙን ጊዜ የወሰደውም ይኸው ነው። ብሎኖቹን በመስቀለኛ፣ ትንሽ ትንሽ እያልኩ አጠበቅሁ። በንጹህ ውሃ ደጋግሜ አጥቤ ኩላንትና ዲስቲልድ (የተጣራ) ውሃ እኩል ለእኩል ሞላሁ። ሳፋውን ወዲያው አነሳሁት። ኩላንት ጣፋጭ ነው፣ መርዝም ነው፣ ግቢ ውስጥ ውሻና ሕፃን ካለ አፍታም አይተውም።

መጨረሻ ላይ አየሩን ማስወጣት። መኪናዋን አፍንጫዋን ወደ ዳገቱ አድርጌ አቆምኩ፣ ገና ቀዝቃዛ ሳለች ክዳኑን ከፍቼ አስነሳሁ፣ ማሞቂያውን ከፈትኩ። ውሃው ብልቅ ብልቅ እያለ አረፋ ሲተፋ እየተከተልኩ ሞላሁ። መጀመሪያ ከማሞቂያው የሚመጣው ቀዝቃዛ አየር ነበር፣ የውሃው መስመር ውስጥ ገና አየር ሊኖር ይችላል ማለት ነው። የላይኛው ቱቦ ሲግልና ማሞቂያው ሲሞቅ ክዳኑን ገጠምኩ።

እሁድ ጠዋት ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳየው ግማሽ ሊትር ያህል ጎድሎ ነበር፣ ሞላሁት። ከዚያ ጋሼን ከጎኔ አስቀምጬ እስከ ሉማሜ ደርሰን ተመለስን። መርፌው ከግማሽ በታች ነው። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ አያለሁ፣ አልጎደለም።