ጠያቂው ሲጠየቅ

ቅዳሜ ከሰዓት ጣና ዳር ቡና እየጠጣን ነበር፤ እኔና የድሮ አስተማሪዬ። ከማስተማር ወደ ክልል ምክር ቤት ገቡ፣ አሁን ደግሞ የአንድ ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ናቸው።

«ጋሼ፣ የቱ ይሻላል?» አልኳቸው።

«ምክር ቤት እያለሁማ እጄን አውጥቼ 'መጽሐፍ ለምን አልደረሰም?' እላለሁ። መልሱን እሰማለሁ፣ ምሳዬን እበላለሁ። አሁን መምህራኑ ያችኑ ጥያቄ ለእኔ ያቀርቧታል።»

እውነታቸውን ነው። በ2015 አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲገባ መጽሐፍ ጠፍቶ የእህቴ ልጅ ፊዚክስን ያነበበችው መስታወቱ በተሰነጠቀ ስልክ ላይ ነው። ስንጥቁ ቀመሩ መሀል ያልፋል። ሁለት ነው አራት፣ አይለይም።

የጋሼን ዓይነት መንገድ የሄደ አንድ አሜሪካዊ አለ፣ ቶኒ ተርመንድ። የካሊፎርኒያ ግዛት ምክር ቤት አባል ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ለግዛቱ የትምህርት ኃላፊነት ተወዳድሮ አሸነፈ። እዚያ ለዚህ ወንበር ድምፅ የሚሰጠው ሕዝቡ ራሱ ነው። እኛ ጋ የቢሮ ኃላፊን ርዕሰ መስተዳድሩ ያቀርባል፣ ምክር ቤቱ ያጸድቃል። መጀመሪያ ቀናሁ፣ አልደብቅም። ግን የበጀቱ ቁልፍ ያለው ገዥውና ምክር ቤቱ እጅ ስለሆነ፣ ሰውዬው ገንዘብ ሲፈልግ ተመልሶ የወጣበትን በር ያንኳኳል። ይሄማ የጋሼ ታሪክ ነው!

የእኛዎቹን ካነሳን ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ አሉ። ዕድሜያቸውን በተቃዋሚ ፖለቲካ ቆይተው በ2014 የትምህርት ሚኒስትር ሆኑ። የ12ኛ ክፍል ፈተና ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ይሰጥ ተባለ፣ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲው ፔዳ ግቢም በተፈታኝ ተሞላ። ውጤቱ ሲመጣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ሆነ። ቁጥሩን ሳያድበሰብሱ መናገራቸውን ወድጄላቸዋለሁ። ሌላ ሰው ቢሆን ማለፊያ ነጥቡን ዝቅ አድርጎ ዝም ይል ነበር (የለመድነው ነው)። ግን 97ቱን ያስተማርነው እኛው ነን፣ ፈተናው ጠበቀ እንጂ ክፍሉ ያው ነው፣ ያው ሰባ ተማሪ፣ ያው አራት ለአንድ ዴስክ።

ይህን ለጋሼ እያወራሁ ስልካቸው ጠራ። አንድ ርዕሰ መምህር ነው።

«እህ… አልቋል? ስንት ካርቶን ቀረህ?»

ጠመኔ ነው። ቶናው ሳይቀዳ ሂሳብ ከፍለው ተነሱ።