የ2017 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ልጆቼ

የአገራችን የ12ኛ ክፍል ተማሪ በአደባባይ የሚታወቀው በአንድ አኃዝ ነው። ብሔራዊ ፈተናው ኩረጃን ለመግታት ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ከተዛወረ ወዲህ ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች 3.3 በመቶ፣ ከ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ ከ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ሁላችንም ሰምተናል፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች በየዓመቱ ከሺህ በላይ እንደነበሩም እንዲሁ። ኩረጃው ሲገታ የተገለጠው የትምህርት ጉዳት እውነተኛ ስለሆነ አኃዙን ለማስተባበል አልጽፍም። ውጤቱ ሳይመጣ፣ ገና በነሐሴ 2017 ዓ.ም. የምጽፈው፣ አንዴ ይፋ ከሆነ በኋላ ስለ እነዚህ ልጆች የሚነገረው ሁሉ በዚያ ቁጥር ዙሪያ እንደሚሆን ከልምድ ስለማውቅ ነው።

የማስተምረው አዲስ አበባ ውስጥ በሚገኝ አንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲሆን፣ የአንድ የተፈጥሮ ሳይንስ ክፍል ኃላፊ መምህር ነኝ። ልጆቹ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች በኮቪድ ምክንያት ሲዘጉ 7ኛ ክፍል ነበሩ፤ ሁለተኛ ደረጃ ከገቡ በኋላም የአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መጻሕፍት ታትመው እስኪደርሷቸው ድረስ ብዙውን ምዕራፍ ያነበቡት በወላጆቻቸው ስልክ ላይ ነው። ይህን ሁሉ አልፈው ሲወጡ ከትምህርት ቤቱ ይዘው የሚሄዱት ትራንስክሪፕት ነው። በሪፖርት ካርዳቸው ላይ «ጠባይ» የምትል አንዲት መስመር አለች፤ መምህራን ለሁሉም ማለት ይቻላል «ኤ» የምንሞላባት። አንድ ልጅ ከአሥራ አራት እስከ አሥራ ስምንት ዓመቱ ባለው ጊዜ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ የሚመሰክር ሌላ ጽሑፍ ከእጁ አይገባም። ይህ ያሳዝነኛል። እንዳይታወቁ ስማቸውን ሳልጠቅስ ያየሁትን እጽፋለሁ።

ከሚኒ ሚዲያዋ ልጅ ልጀምር። በመንግሥት ትምህርት ቤት የተማረ ሁሉ ሚኒ ሚዲያን ያውቃል፤ ጠባብ ክፍል፣ አሮጌ አምፕሊፋየር፣ ምሰሶ ላይ የተሰቀለ የድምፅ ማጉያ፣ በእረፍት ሰዓት ዜናና ግጥም፣ በመካከሉ «መታወቂያ ወድቆ ያገኛችሁ» የሚል ማስታወቂያ። ይህች ልጅ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ እዚያ ነበረች። ጽሑፏን የምታዘጋጀው በአሮጌ የፈተና ወረቀት ጀርባ ላይ ሲሆን፣ ትንፋሽ የምትወስድበትን ቦታ ሁሉ በቀይ እስክሪብቶ ጭረት ታመለክትበት ነበር፤ ማን እንዳስተማራት ብጠይቃት ሬዲዮ እየሰማች ራሷ እንደደረሰችበት ነገረችኝ። ክፍል ውስጥ ግን እጇን አታወጣም፤ ጥያቄ ሲቀርብላት ድምጿ ከሁለተኛው ረድፍ አያልፍም። ብዙ መምህራን ይህን ዓይናፋርነት ይሉታል፤ እኔ እንደተረዳሁት ግን ልጅቷ ሳትዘጋጅ መናገር የማትወድ ሰው ናት። ያሰበችበትንና የጻፈችውን ለመላው ግቢ ትናገራለች፤ ያላሰበችበትን ለአንድ ሰውም አትናገርም። በዚህ ዕድሜ እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ማየት ብርቅ ነው።

12ኛ ክፍል ሲደርሱ አብዛኞቹ ክበባቸውን ይተዋሉ፤ ወላጅም መምህርም «ጊዜው የጥናት ነው» ይላቸዋል። እሷ ግን የመጀመሪያውን መንፈቀ ዓመት በእረፍት ሰዓቷ የ9ኛ ክፍል ተተኪዎችን ስታሠለጥን ቆየች። የሰው ስም ከማንበባቸው በፊት ባለቤቱን ሄደው አጠራሩን እንዲጠይቁ፣ ዜናውን ቢያንስ አንድ ጊዜ ጮክ ብለው ተለማምደው እንዲቀርቡ፣ የተማሪን ጥፋት በስም እንዳያወሩ አስተማረቻቸው። የመጨረሻው ደንብ የራሷ ነው። የተማሪውን ሥርዓት የሚቆጣጠሩት ዩኒት ሊደር ያረፈዱ ተማሪዎችን ስም ዝርዝር እንድታነብ ሲሰጧት፣ «ቲቸር፣ ይህን ሰልፍ ላይ እርስዎ ቢያነቡት ይሻላል፤ ሚኒ ሚዲያው የተማሪው ነው» ብላ በትሕትና ስትመልስላቸው አጠገባቸው ነበርኩ። እሳቸውም ተቀበሏት።

የክፍሉ አለቃ ደግሞ ውጤቱ መካከለኛ ነው፤ ከቀለሜዎቹ ተርታ ማንም አይቆጥረውም። በየካቲት የአንዲት የክፍላችን ልጅ አባት ሲያርፉ የሆነውን ግን አልረሳም። እኔ መርዶውን የሰማሁት ጠዋት ሰልፍ ላይ ነው፤ እርሱ በዚያ ሰዓት የለቅሶ ቤቱን ሰፈር አጣርቶ፣ ከትምህርት በኋላ ማን ከማን ጋር እንደሚሄድ ደልድሎ ጨርሶ ነበር። ከታክሲ ሒሳቡ ሌላ የሌለው ልጅ እንዳይሳቀቅ፣ መዋጮው በባዶ የጠመኔ ካርቶን እየዞረ እንዲሰበሰብ አደረገ፤ ማን ምን እንደጨመረ ማንም አላየም። ድንኳኑ ውስጥ ሴቶቹ ጓደኛቸውን ከበው ተቀመጡ፤ ወንዶቹ ወንበር ሲደረድሩና ውኃ ሲያመላልሱ አመሹ። ሥርዓቱን ከቤታቸው ያውቁታልና ማንም አልነገራቸውም።

ከዚያ ይልቅ ያስደነቀኝ የደብተሩ ነገር ነው። ልጅቷ በቀረችባቸው ቀናት የተሰጠውን ትምህርት ፊዚክሱን አንዱ፣ ኬሚስትሪውን ሌላዋ፣ ባዮሎጂውን ሦስተኛው፣ ሒሳቡን ራሱ አለቃው ተካፍለው ጽፈው ስትመለስ አስረከቧት። የሒሳቡን ደብተር ከፍቼ አይቼዋለሁ። አለቃው የእጅ ጽሑፉ የማያምር ልጅ ነው፤ ለዚያ ደብተር ግን ኅዳጉን በማስመሪያ አስምሮ፣ እያንዳንዱን ጥያቄ ቁጥሩን አክብቦ፣ ለራሱም ያልገባው ቦታ ሲደርስ «ይህ ለእኔም አልገባኝም፤ ስትመጪ አብረን ቲቸርን እንጠይቃለን» ብሎ በእርሳስ ጽፎበት ነበር። ያልገባውን እንደገባው አስመስሎ መገልበጥ ለእርሱ በጣም የቀለለው መንገድ ነበር። ትራንስክሪፕቱ ላይ የሰፈረው የሒሳብ ነጥቡ ስለዚህ ነገር ምንም አይናገርም።

ሌሎቹንም በአጭሩ ላንሣ። ቅዳሜና እሑድ ታክሲ ላይ በረዳትነት የሚሠራ ልጅ አለ፤ ሰኞ ጠዋት ድምፁ ተዘግቶ ስለሚመጣ ክፍሉ በሙሉ ያንን አውቆ ጮክ ብሎ የማንበብ ተራውን ሌላ ሰው ይወስድለታል፤ እርሱም በፈንታው ማክሰኞ የሌላውን ያነባል። የቀይ መስቀል ክበብ አባል የሆነች ልጅ በሁዳዴ ጾም ሰልፍ ላይ ራሱን ስቶ ለሚወድቅ ልጅ ጥላ ያለበትን ቦታ አስቀድማ መርጣ ትቆማለች። የመጨረሻው ዴስክ ላይ የሚቀመጥ አንድ ልጅ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ከእኔ ጋር የተነጋገረው በጣም ጥቂት ነው፤ ስለ እርሱ የማውቀውን ያገኘሁት ከጓደኛው ነው፤ ወደዚያ እመለሳለሁ።

ግንቦት ሲገባ ሸሚዝ ላይ በማርከር መፈራረሙ፣ ከለር ዴዩ፣ የባህል ልብስ ቀኑ፣ ጋዋን ተከራይቶ ፎቶ መነሣቱ ይጀመራል። ይህን አልቃወምም፤ ከሞዴል ፈተናና ከቲቶሪያል ብዛት ለተጨናነቁ ልጆች ደስታው ይገባቸዋል። የሚያሳስበኝ ወጪው ነው። ከቤት ገንዘብ ለመጠየቅ ተሳቅቀው «እኔ ፎቶ አልወድም» ብለው የሚቀሩ ልጆች በየክፍሉ አሉ፤ ለዚህም ነው ዘንድሮ ከአለቃው ጋር ተማክረን የምረቃ መጽሔቱ ክፍያ እንደየአቅሙ እንዲሆንና ፎቶው በአንድ ስልክ ግቢው ውስጥ እንዲነሣ ያደረግነው። ሁሉም ገባ።

በመጽሔቱ ከእያንዳንዱ ፎቶ ሥር «ላስት ወርድ» የሚባል ቦታ አለ። በየዓመቱ የሚሞላው ከኢንተርኔት በተቀዳ የእንግሊዝኛ ጥቅስ ነው፤ ስለ ሕልም፣ ስለ ስኬት፣ ስለ ጠላት። ከዚህ በፊት የወጡትን መጽሔቶች ሳገላብጥ ፈጽሞ የማይመሳሰሉ ልጆች በአንድ ዓይነት ጥቅስ ሥር ተደርድረው አያለሁ። ስለዚህ በዚህ ዓመት ያንን ቦታ ዴስክ ለሚጋራው ጓደኛ ሰጠነው። እያንዳንዱ ተማሪ አጠገቡ ስለተቀመጠው ልጅ በዓይኑ ያየውን አንድ ነገር በአማርኛ፣ ከሦስት መስመር ሳይበልጥ እንዲጽፍ ጠየቅኳቸው። «ጎበዝ ናት»፣ «ጥሩ ልጅ ነው» የሚል ተቀባይነት አልነበረውም፤ ምን ስታደርግ አይተህ ነው ጎበዝ ያልካት ብዬ እመልሰው ነበር።

መጀመሪያ አጉረመረሙ፤ የመጣው ጽሑፍ ግን በቁም ነገር የተጻፈ ነበር። ስለ ሚኒ ሚዲያዋ ልጅ የዴስክ ጓደኛዋ የጻፈችው፣ የሌላ ሰው ግጥም ከማንበቧ በፊት ስሙ እንዲጠራ ይፈልግ እንደሆነ ገጣሚውን ሁልጊዜ እንደምትጠይቅ ነበር። ስለ ረዳቱ ልጅ የተጻፈው፣ አሮጊት እናት መንገድ ሲስቱ አይቶ ከታክሲው ወርዶ እንዳሻገራቸውና ሾፌሩ ሲቆጣው ዝም ብሎ መሳቁ ነው። ስለ ዝምተኛው ልጅ ደግሞ እንዲህ ተብሎ ተጻፈ፦ «ፊዚክስ ሲከብደኝ መልሱን አይነግረኝም። እርሳሴን ወስዶ ቀጣዩን አንድ መስመር ብቻ ጽፎ ይመልስልኛል። ዓመቱን ሙሉ እንዲህ ነው ያስተማረኝ።» ብዙ ዓመት አስተምሬ የዚህን ያህል የሚያስተምር ሰው በክፍሌ እንዳለ ያወቅኩት ከዚያ ሦስት መስመር ነው። ፊዚክስ የማስተምረው እኔ ስሆን፣ ያንን ዘዴ ከ11ኛ ክፍሎቹ ጋር ሞክሬ ውጤቱን ወድጄዋለሁ።

ልጆቹ ፈተናቸውን ጨርሰው ተመልሰዋል፤ ከስድስት መቶ ስንት እንደሚያገኙ እየጠበቁ ነው። ማለፊያውን ያላገኙት ሬሜዲያል (የማካካሻ ትምህርት) ሊደርሳቸው ይችላል፣ ወይም ወደ ሙያ ትምህርት ይሄዳሉ፣ ወይም ሥራ ይፈልጋሉ፤ ማን ወዴት እንደሚሄድ አሁን መገመት አልፈልግም። መጽሔቱ ታትሞ ሁሉም እጅ ገብቷል፤ አንድ ቅጂ በቤተ መጻሕፍቱ አስቀምጫለሁ። እንደ እኔ የክፍል ኃላፊ የሆናችሁ መምህራን ካላችሁ፣ ጽሑፉን ከኅዳር እንድታስጀምሩ እመክራለሁ። ግንቦት ላይ ከሞዴል ፈተና በኋላ ብዙዎቹ በቤታቸው ስለሚያጠኑ ጥንድ ጥንድ አድርጎ ማግኘት ያስቸግራል፤ በኅዳር የተጀመረ ከሆነ ግን ዓመቱን ሙሉ ጓደኛቸውን እየተመለከቱ ይቆያሉ፤ ዴስክ የቀየረም ሁለት ጽሑፍ ይደርሰዋል። እኔ በመስከረም ለሚገቡት አዲሶቹ የ12ኛ ክፍል ልጆች በዚሁ መንገድ ለመጀመር አንድ አንድ ሉክ ወረቀት አዘጋጅቻለሁ።