ግማሹ ደርቋል ወይስ ሊዘንብ ነው?

የምሠራው ጅማ ውስጥ በአንድ የቡና ድርጅት፣ ጥራት ክፍል ነው። ማስጫችን ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወደ አጋሮ በሚወስደው መንገድ ላይ ይገኛል። ቀዩን እሸት ከገበሬው እንረከባለን፣ አልጋ በምንለው ከመሬት ከፍ ያለ ማስጫ ላይ እናሰጣለን። ደርቆ ጀንፈል ሲሆን በመኪና ከተማ ወዳለው መፈልፈያ ይሄዳል። ሥራው ሲወራ ቀላል ነው። ጣጣው «ደረቀ» የሚባለው መቼ ነው የሚለው ላይ ነው።

ኅዳር ላይ ነው፤ ሥራው ጦፏል። አለቃችን የሚቀመጠው አዲስ አበባ ስለሆነ የሚያስተዳድረን በስልክ ነው። የማስጫው ፎርማን ደግሞ ቡና ውስጥ ተወልደው ቡና ውስጥ የሸበቱ ሰው ናቸው። ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን፤ አለቃውም ጭምር። ጆሯቸው ትንሽ ስለሚያስቸግራቸው ስልክ የሚያነሱት ሁልጊዜ ስፒከር ላይ አድርገው ነው። ስለዚህ የሚባለውን ሁሉ ማስጫው በሙሉ ይሰማል።

«ጋሼ፣ ቡናው ለነገ ይደርሳል?»

«ፊፍቲ ፊፍቲ ነው።»

«በቃ፣ ጥሩ። እግዜር ይስጥልኝ።»

ተዘጋ።

በማግስቱ ጠዋት አንድ ኤፍኤስአር የጭነት መኪና በራችን ላይ ቆመ። ጫኞቹ ጆንያ ላይ ተኝተው መጥተዋል። ሹፌሩ ወርዶ «ግማሹ ደርቋል ተብዬ ነው የመጣሁት፤ ቶሎ በሉኝ» አለ። ጋሼ ሹፌሩን አዩት፣ ሰማዩን አዩት፣ ከዚያ እኔን አዩኝ።

እሳቸው ያሉት ግማሹ ደርቋል አይደለም። ፀሐዩ ከጠና ይደርሳል፣ ደመናው ከወረደ አይደርስም ማለታቸው ነበር። አለቃው ደግሞ ካሉት አልጋዎች ግማሹ አልቋል ብሎ ሰማና መኪና ተከራየ። የሁለቱም ስልክ ላይ ካርድ ነበረ፤ «የምኑ ግማሽ?» ብሎ ለመጠየቅ ብዙ አይፈጅም ነበር።

ለማንኛውም ብዬ ከሦስት አልጋ ናሙና አንስቼ ፈለፈልኩና የእርጥበት መለኪያው ውስጥ ጨመርኩት። 16 አለ። እኛ የምንፈልገው ከ12 በመቶ ያልበለጠ ነው። ከዚያ በላይ እርጥበት ይዞ ጆንያ ውስጥ ከታጨቀ ይሻግታል፤ ሽታው ሲኒ ድረስ ይከተላል። ከልክ በላይ ቢደርቅም መፈልፈያው ውስጥ ይሰባበራል። መኪናው ባዶውን ተመለሰ።

ሹፌሩ ግን በባዶ እጁ የሚመለስ ሰው አልነበረም። ስልክ ተደወለ፣ ተጮኸ፣ ተለመነ። በመጨረሻ የባዶ ጉዞውን ሒሳብ ድርጅቱና ባለመኪናው እኩል ተካፈሉት። የዚያን ቀን ፊፍቲ ፊፍቲ ያለምንም ጭቅጭቅ የገባን እዚያ ላይ ብቻ ነው።

ጋሼ በቁጥር መናገር የማይችሉ ሰው ቢሆኑ ነገሩ ባልገረመኝ። ችግኝ ሲነሳ 74110፣ 74112፣ 74158 እያሉ እንደ ልጆቻቸው ስም ነው የሚጠሩት። ጅማ ላይ ይሄ ብርቅ አይደለም። የቡና ፍሬ በሽታ በፈረንጆቹ 1971 አገር ውስጥ ሲገባ መልኮ ያለው የምርምር ማዕከል በሽታውን የሚቋቋሙ ቡናዎችን መምረጥ ጀመረ። ከፊት ያለው 74 የተመረጡበት ዓመት ነው፤ 1974። ገበሬው ቁጥሩን ስም አድርጎ ተቀበለውና አሁን ችግኝ ሲገዛ በቁጥር ይጠይቃል። እንዲህ ባለ አገር ያረጀ ሰው ለምን ፊፍቲ ፊፍቲ ይላል?

ከሰዓት በኋላ ጠየቅኳቸው። አልመለሱልኝም። ተነሱና ከአንዱ አልጋ አንድ እፍኝ ጀንፈል ዘግነው ጆሮዬ ላይ ነቀነቁት። ኮሽ ኮሽ አለ። ከሌላው ዘግነው ነቀነቁ፤ ድምፁ አፈር የታጨቀበት ይመስላል። «ያኛው ፍሬው ከቆዳው ተላቋል። ይሄኛው ገና አቅፎታል» አሉ። አንዱን ልጠው ፍሬውን ነከሱ። ጥርስ ገባበት። «ይኸው።»

ከዚያ አልጋ በአልጋ ይዘውኝ ዞሩ። በሩ ፊት ያሉት ከነገ ወዲያ ይደርሳሉ። ባሕር ዛፉ ጥግ ያሉት ከሰዓት በኋላ ጥላ ስለሚያርፍባቸው ይዘገያሉ። መሐል ያሉት ዘግይተው የተሰጡ ናቸው፤ ባይነኩ ይሻላል። «ዝናቡስ?» አልኳቸው። «እንዲህ ያለ ሰማይ አሥሬ ቢመጣ ሁለቴ ቢዘንብ ነው።»

እንግዲህ አስቡት። ይህን ሁሉ የሚያውቁ ሰው ናቸው በሁለት ቃል የዘጉት።

«ታዲያ ለምን እንዲህ ብለው አልነገሩትም?»

«ይደርሳል ብዬ ቢዘንብስ? የሚሰደበው ማነው? አይደርስም ስለው ደግሞ ጋሼ አረጁ ይላል።»

እውነታቸውን ነው። ባለፈው ዓመት «ይደርሳል» ብለው ሌሊቱን ዝናብ ወረደ፤ የአንዱ አልጋ ሸራ ተቀዶ ነበርና ቡናው ራሰ። የዚያን ጠዋት ስፒከሩ ላይ የሰማነውን አልደግመውም። ከዚያ በኋላ ነው ፊፍቲ ፊፍቲ የለመዱት። ስለዚህ ለእኔ ጥፋቱ የእሳቸው ብቻ አይደለም። የገመተ ሁሉ የሚሰደብበት ቤት ውስጥ ማን አፉን ሞልቶ ይናገራል?

ኳስ ላይ ቢሆን ግድ የለኝም። አባ ጅፋር ሲጫወት ውጤቱ ፊፍቲ ፊፍቲ ነው ብሎ ቡናውን ፉት የሚል ሰው ማንንም አይጎዳም። በ2010 ዓ.ም. ክለቡ የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሳ፣ ዓመቱ ሲጀመር ፊፍቲውን እንኳ የሰጠው ሰው ብዙ አልነበረም። ሥራ ላይ ግን ሁለት መልስ ያለው ጥያቄ ሁሉ እኩል ዕድል ያለው እያስመሰልን እንቸገራለን። ሐምሌ ላይ ጅማ ይዘንባል አይዘንብም የሚለውም እኮ ሁለት መልስ ነው ያለው። ጃንጥላውን ቤት ትቶ የሚወጣ ግን የለም።

ከዚያ በኋላ መጋዘኑ በር ላይ ጥቁር ሰሌዳ ሰቀልን። የአልጋው ቁጥር፣ ቡናው የተሰጣበት ቀን፣ የመጨረሻው ልኬት ይጻፍበታል። አለቃው መጀመሪያ «ወረቀት አበዛችሁብኝ» ብሎ ነበር፤ ፎቶ አንስተን በቴሌግራም ስንልክለት ዝም አለ። የከበደው ሌላው ነገር ነው። ዝናብ ላበላሸው ቡና ጋሼ እንዳይጠየቁ ቃል እንዲገባ ለማድረግ ብዙ ተጨቃጨቅን። በስተመጨረሻ ገባ፤ ከልቡ ይሁን አይሁን እንጃ።

ባለፈው ሳምንት ደወለ።

«ጋሼ፣ ስንት አልጋ?»

«ስድስቱን ነገ ጠዋት አንሳቸው። አራቱ ገና ናቸው። ዝናቡን የምትጠይቀኝ ከሆነ፣ እኔ ከላይ ስልክ አይደወልልኝም።»

አለቃው ሳቀ። ኤፍኤስአሩን ትቶ ትንሿን አይሱዙ ላከ።