ስልክ እያለ ትንሽ ካሜራ መግዛት

ሶኒ በ2012 አርኤክስ100ን ሲያወጣ ኪስ ውስጥ ለሚገባ ካሜራ ባለ 1 ኢንች ሴንሰር (ብርሃን ተቀብሎ ወደ ምስል የሚቀይረው ክፍል) ሰጠው። ስሙ ኢንች ይሁን እንጂ ልኬቱ 13.2 በ8.8 ሚሊ ሜትር ነው። በርካሾቹ ካሜራዎች ያለው 6.2 በ4.6 ገደማ ስለሆነ፣ ብርሃን የሚቀበለው ስፋት 4 እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ ከሜጋፒክስል በፊት የሴንሰሩን መጠን ጠይቁ።

ስልኮች የሴንሰራቸውን ትንሽነት በስሌት ያካክሳሉ፤ በተከታታይ ያነሷቸውን ምስሎች አዋህደው አንድ ፎቶ ያወጣሉ። ለቆመ ነገር ግሩም ነው። ማታ በአምፖል ብርሃን የሚሮጥ ልጅ ግን እጁም ፊቱም ይደበዝዛል። እዚህ ላይ ካሜራውን በ1/250 ሰከንድ የመዝጊያ ፍጥነት አስይዙትና አይኤስኦውን (ምስሉን የሚያደምቀውን፣ ሲጨምር ግን ነጠብጣብ የሚያመጣውን ቁጥር) ለራሱ ተዉለት። ነጠብጣብ የበዛበት ፎቶ ከደበዘዘው በብዙ ይሻላል።

ዲጂታል ዙም አያታልላችሁ፤ ምስሉን ቆርጦ 2 እጥፍ ሲያቀርብ ከፒክስሎቹ (ምስሉ ከተሠራባቸው ነጥቦች) ሩቡ ብቻ ይቀራል። በሌንሱ የሚያቀርበው ኦፕቲካል ዙም ግን ሁሉንም ይጠቀማል።

ነጭ ነጠላ የለበሰ ሰው በቅርብ ሲነሳ ካሜራው ነጩን አይቶ ፎቶውን ያጨልማል፣ ፊትም ይጠቁራል። ኤክስፖዠሩን (የፎቶውን ብሩህነት ማስተካከያ) +0.7 አድርጉ፤ የጥለቱና የሽመናው መስመር ከጠፋ ወደ +0.3 መልሱት።

በቀን ብርሃን ብቻ ለሚያነሳ ስልኩ ይበቃዋል፣ ገንዘቡን ይቆጥብ።

ያገለገለ ካሜራ ከመግዛታችሁ በፊት ዙሙን እስከ ጫፍ አውጡና መልሱ፤ ከተንገጫገጨ ተዉት። ቀጥሎ የሌንሱን ቀዳዳ አጥብባችሁ ኤፍ 11 ላይ ነጭ ግድግዳ አንሱ። ጥቁር ነጥቦች ከታዩ ሴንሰሩ ላይ አቧራ አለ ማለት ነው፤ ሌንሱ ስለማይወልቅ ለማጽዳት ካሜራውን መፍታት ያስፈልጋል።